በስልክ የተደለለ ዘር

ዘይኑዲን ጅቡቲ ገብቷል ይላሉ። የገበሬውን ብር በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ በአፋር በኩል፣ በግመል። ወሬው ጎብዬ ሲደርስ ግመሏ መኪና ሆናለች፤ ሮቢት ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሚስት ተድራለታለች። ሚስቱ ራህመት ይኼን ስትሰማ፣ «ጅቡቲስ ይሂድ፤ በማን ጫማ?» አለች።

ዘይኑዲን ከቆቦ ንቅንቅ አላለም። የከብት ደላላ ነው፤ ከብት ተራ ከቆመ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ሻጭና ገዢን አጨባብጦ ገመዱን ለገዢው ሲያቀብል፣ «እኔ አለሁ» ይላል። ይቺን ካለ በኋላ በሬው እርሻ ላይ ቢተኛ፣ ላሟ ብትራገጥ፣ ገዢው ሻጩን ፍለጋ አይንከራተትም፤ ቀጥ ብሎ የዘይኑዲንን በር ያንኳኳል። ሦስቴ ተንኳኩቶበት ሦስቴም ከኪሱ ከፍሏል። ስለዚህ ሰው ከከብቱ በፊት የሱን አፍ ያያል።

አምና፣ ኔትወርክ ተመለሰ በተባለ ሰሞን፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው ካሊድ ጠራው።

«አያ ዘይኑ፣ ይኼም ድለላ ነው፤ ፀሐይ የለው፣ እበት የለው። የሱቁን ሊንክ ለሰው ትልካለህ። በሊንክህ የገዛ ሁሉ ኮሚሽን ያስገኝልሃል።»

«ሱቁ የት ነው?»

«ኦንላይን።»

«ባለቤቱስ?»

«እሱም ኦንላይን።»

ዘይኑዲን ከት ብሎ ሳቀ። ስቆ ወደ ከብቱ ቢመለስ ኖሮ የሚወራም ነገር ባልኖረ። ግን ተመዘገበ።

ሱቁ የሽንኩርት ዘር ይሸጣል፤ ጣሳው ላይ ደም የመሰለ ቀይ ሽንኩርት ተሥሏል። በሬ ቢሆን ጥርሱን ሳያይ፣ ወዲያ ወዲህ ሳያስነዳው ቃል አይተነፍስም ነበር። ዘር ጥርስ የለው፤ ሥዕሉን አየና አመነ። ሊንኩን ለሚያውቀው ገበሬ ሁሉ ላከ፤ ከሥሩም በድምፁ፣ «ግዙ፣ እኔ አለሁ» ብሎ ጨመረበት።

አሥራ አንድ ሰው ገዛ። አንዱ የጎብዬው አለሙ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ተከራይቶ፣ መሬቱን እንደ ዱቄት አልስልሶ ዘራ። በሁለት ሳምንቱ አረም በቀለ። በወሩም ያው አረም።

አለሙ ዘይኑዲን ደጅ መጣ። ቢጮህ ይሻል ነበር፤ አልጮኸም።

«አያ ዘይኑ፣ አለሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«አለሁ እንጂ።»

«የት ነው ያለኸው?»

ዘይኑዲን ወደ ካሊድ ሮጠ። ካሊድ ለሱቁ ጻፈ፤ መልሱ በማግስቱ መጣ። ካሊድ አንብቦ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ምን ይላል?»

«አካውንትህን ዘግተውታል። ኮሚሽን የሚከፈለው ሁለት ወር ሲሞላ ነበር፤ ከዚያ በፊት ስለተዘጋ እሱም ቀርቷል። ስትመዘገብ የተስማማህበት ውል ላይ፣ አስተዋዋቂ ዋስ መሆን አይችልም ይላል። ‹እኔ አለሁ› በማለትህ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል ኖሯል?»

«ምንም። ሊንኩን ብቻ።»

ዘይኑዲን ሁለት ላሞቹን ሸጦ ለአራቱ የዘሩን ዋጋ መለሰ። ሰባቱ ቀሩ። ዋጋው የተመለሰላቸውም ቢሆኑ በጋው አልተመለሰላቸውም። አለሙ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ አፋር በረሃ ለቀን ሥራ ወረደ። ጅቡቲ የተባለው መንገድ ይኼው ነው፤ የሄደው ግን ሌላ ሰው ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ዘይኑዲን እንደ ልማዱ ከብት ተራ ቆመ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦራ በሬ ሲከራከሩ አይቶ መሐል ገባና እጃቸውን ሊያገናኝ እጁን ዘረጋ። ገዢው እጁን ኪሱ ከተተ።

«እኛው እንጨርሳለን፣ አያ ዘይኑ። አትድከም።»

ጨረሱም። ሻጩ ራሱ ገመዱን አቀበለ፤ ገዢው በሬውን እየነዳ በአጠገቡ አለፈ። ዘይኑዲን አንገቱን ዘንበል አድርጎ የበሬውን እርምጃ ተከተለ።

«የኋላ ቀኝ እግሩን ሲያነሳ እዩት» አለ። «ሰኮናው ውስጥ ነገር አለ።»

ገዢው ዞር ሳይል በሬውን ነድቶ ሄደ።