የሐይቁ ምስክር

ሐይቅ ከተማ ገብታችሁ «ባለሰሀኗ» ካላችሁ የማያውቃት የለም። ስሟ ኑርሀያት ነው፤ ባሏ ሙአዊያ ከሐይቁ ዓሳ ያወጣል፣ እሷ ጠብሳ ትሸጣለች። የሐይቁን ውኃ የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች ሲሰባሰቡ እሷም ገባችበት። ከጀልባ ላይ ሆና ነጭ ሰሀን በገመድ ታወርዳለች፤ ሰሀኑ ቶሎ ከዓይን ከጠፋ ውኃው ደፍርሷል ማለት ነው። በጠርሙስም እየቀዱ ደሴ ላለ ላቦራቶሪ ይልካሉ። ደሞዝ የለው፣ አበል የለው! መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀባት። ሳቁ የቆመው የገዛ ወንድሟን ባድሩን በስብሰባ መሀል ያስነሳችው ቀን ነው። ባድሩ ዳርቻው ላይ መኪና እያጠበ ዘይቱን ወደ ሐይቁ ይለቅ ነበር። «ወንድሜ ነው፤ ውኃውን ያበላሸውም እሱ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ። ባድሩ ዓመት ሙሉ አኮረፋት፤ ማጠቢያውን ግን ከሐይቁ አራቀ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ከተማው ተይዞ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከስደት የተመለሰውን ሰው አንድ ወሬ ጠበቀው፤ ሐይቁ ውስጥ መርዝ ተጨምሯል ተባለ። ማን እንዳወራው እንጃ! ዓሳ የሚገዛ ግን ጠፋ። ጀልባው ዳር ላይ ተደፍቶ ቀረ፣ የኑርሀያትም መጥበሻ ዛገ። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር የማይቀሩት ጎረቤቷ እማማ እናትነሽ እንኳ፣ «ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ብይ እስክትይኝ አልነካውም» አሏት።

ሥጋ ሲሆን ሙስሊሙ የሙስሊም፣ ክርስቲያኑ የክርስቲያን እርድ ይላል፤ ሰርግ ላይ እንኳ ድስቱ ሁለት ነው። ዓሳ ግን አይታረድም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። የዚያ ትሪ መቅረት ኑርሀያትን አንገበገባት።

ጓደኞቿን ይዛ ከየአቅጣጫው ውኃ ቀድታ ላከች። መልሱ ዘገየ። ሙአዊያ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ንጹሕ ነው በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

«ሰሀኑ ድፍርሱን እንጂ መርዙን አያሳየኝም። ሳላውቅ ወላሂ አልመሰክርም!»

«ልጆቹስ?»

«አላህ አለ፤ አብሽር» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን «ንጹሕ ነው» ብሎ በተገላገለ። እሷ ግን «ግትር» እየተባለች ጠበቀች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ መልሱ በስልክ ደረሰ። ኑርሀያት ስልኩን እንደያዘች ተንበርክካ አለቀሰች። ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ገበያ መሀል ቆመች።

«ዛሬ አውቄያለሁ! መርዝ የለበትም፤ ብሉ!»

ሙአዊያ ጀልባውን ገፍቶ ገባ። ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ሲንጣጣ ገበያተኛው ከበባት፤ ለመቅመስ የደፈረ ግን የለም። አንዱ ነጋዴ፣ «ባሏ ዓሳ አስጋሪ አይደል? ምን ትበል ታዲያ?» አለ።

ይሄኔ ባድሩ ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔን ወንድሟን ያልማረች ሴት ለዓሳ ብላ ትዋሻለች?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እማማ እናትነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ትሪው ሥር ቁጭ አሉ፤ ባድሩን በእጁ ስበው ከጎናቸው አስቀመጡት። ወዲያው ከየአቅጣጫው እጅ ተዘረጋ። ለኑርሀያት የተረፈው አጥንቱ ብቻ ነበር፤ እሱን እየጋጠች ሳቀች።