ጣሂርና ግድግዳ ላይ የበራው ሒሳብ

ጣሂር ሐይቅ ከተማ ሳለ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ያን ጊዜ የኮቱ እጅጌ ከጠመኔ ብናኝ ጠርቶ አያውቅም። ሮተርዳም ከገባ ወዲህ ግን ወደቡ አጠገብ ካለ መጋዘን ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል ኖረ። እንግዲህ በዚህ አገር የሒሳብ መምህር ጠፋ ተባለና አንድ ትምህርት ቤት፣ "መጥተህ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምር፤ ከወደድንህ እንቀጥርሃለን" አለው። ከመጋዘኑ የሚገላግለው ይኸው ብቻ ነበር።

እዚህ ትምህርቱ ሁሉ በስላይድ ነው። ሮተርዳም ጥግ ባለችው በካፔለ፣ እቤታቸው ቁጭ ብላ ልጁ ሱሀይላ ስላይዱን አብራው ሠራች። ቁልፉን ሲነካው ጥያቄው ግድግዳው ላይ ይበራል፤ ደግሞ ሲነካው መልሱ ከሥሩ ይመጣል።

"ባባ፣ ሩስተኽ፣ ቀስ እያልክ ተጫነው" አለችው ደችና አማርኛ እየቀላቀለች።

በዕለቱ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ከኋላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከዚያ ሦስት አራተኛና አንድ ስድስተኛ ሲደመሩ ስንት ነው የሚለው በራ። ጣሂርም ሐይቅ እንደለመደው ከፊት ወንበር የተቀመጠችውን ዮሃናን፣ የአበሻ ልጅ ናት፣ በጣቱ ጠቆመና "ነይ ውጪ፣ ሥሪው" አላት።

ወጣች። ግድግዳው ዘንድ ደርሳ ቆመች። ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ። ቁጥሮቹ ሹራቧ ላይ አረፉ።

"የት ላይ ልጻፍልህ?" አለችው በአማርኛ።

ጣሂር ዝም አለ። አገር ቤት ልጅ ሲወጣ፣ ራሱ እስኪያገኘው መምህሩ ዝም ብሎ ነው የሚጠብቀው። ያንን አስቦ ይሁን አፉ ተሳስሮ፣ ራሱም አላወቀው።

"ጋሼ፣ ግድግዳው ላይ ብጽፍ እናቴን ያስጠሯታል። በቃ ተጫነውና ይምጣ።"

ተጫነው። አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ የሚለው መልስ ሆዷ ላይ መጣ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ጣሂር አላፈረም፣ አልተናደደም። ምንም አልተሰማው። የቀረውን አከታትሎ ጨረሰ።

ምክትሏ ኮሪደር ላይ ጠበቀችው። "ስላይድህ ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ ተቸግራ ስትቆም አንተም አብረሃት ቆምክ። ክፍል ብቻህን ልንሰጥህ አንችልም" አለችው።

"እሺ" አለ። ስለ ዝምታው የሚያስረዳበት የደች ቃል አላጣም፤ ያጣው ጉልበቱን ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ዓሊያ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"የሱሀይላ አባት፣ እንዴት ሆነ?"

"አልወሰዱኝም።"

"ምነው፣ ማሽኑ እምቢ አለህ?"

"ኧረ እሱስ ሠራ።"

ዓሊያ ቢላዋዋን አስቀምጣ ፊቱን አየችው፤ የምታጽናናው ሐዘን እንኳ አጣችበት። እሱ ኮቱን ሰቀለና፣ የነገ ፈረቃው ጠዋት ይሁን ከሰዓት ስልኩ ላይ ይፈልግ ጀመር።