ከዝቅተኛው ክምር የወጣው ወረቀት

ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ፕሮግራም መጻፍ ስታስተምር ጸጉሯ ሸብቷል፤ በእጇ ሳያልፍ የተመረቀ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የለም። የዛሬውን የትምህርት ክፍል ኃላፊም ድሮ በፈተና ጥላው ታውቃለች። ሰውየው እስካሁን ኮሪደር ላይ ሲያያት ሳያስበው ኮሌታውን ያስተካክላል። አንድ ልማድ አላት፤ ያወጣችውን ፈተና ከተማሪዎቿ ጋር ተቀምጣ፣ በነሱው ሰዓት ትፈተናለች። የራሷንም ወረቀት ታርማለች። ኃላፊው ነገሩን የእርጅና አመል አድርጎ ነበር የሚቆጥረው።

የጥራት መዛኞች የመጡ ዕለት ግን ቀልድ አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ እውቅና ካልታደሰ አዲስ ተማሪ መቀበል ቀረ ማለት ነው። መዛኞቹ ከየኮርሱ ጥሩ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ የፈተና ወረቀት ይቅረብልን ብለዋል። ኃላፊው ራሱ ከሚያስተምረው ኮርስ የወደቁትን ተማሪዎች ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበትና ደህና ደህናውን «ዝቅተኛ» ብሎ አዘጋጀ። እሷንም ሊመክር ሄደ።

«እትዬ፣ ገመናችንን ምን አደባባይ አወጣው?»

«አንተ ልጅ፣ ሐኪም ፊት ቀርበህ ደህና ነኝ ትላለህ እንዴ?» ብላ ክምሯን እንዳለ ተሸክማ ወጣች።

የመዛኞቹ መሪ፣ አንድ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ከዝቅተኛ ክምሯ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዙ። ስሙን አይተው ቀና አሉ።

«ይሄ የእርስዎ ወረቀት አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

«ቦታው ነው» አለች።

ኃላፊው አንገቱን አስግጎ አነበበ። አራተኛው ጥያቄ ነው። ወረቀቱ የቆየ ነው፤ ፈተናው በተሰጠበት ዓመት ተማሪው በሙሉ ወድቆበት፣ የሠራው የእሷ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ያንን ልክ የሆነ መልስ በቀይ ሰርዛ ከጎኑ ጽፋለች፦ «መልሱ ልክ ነው። ያስተማርሽው ግን ራስሽን ብቻ ነው። ዜሮ።» ከሥሩ የቀጣዩ ዓመት ወረቀቶች ተያይዘዋል። ትምህርቱን ከመሠረቱ ቀይራው፣ ጥያቄውን አብዛኛው ተማሪ መልሶታል።

ኃላፊው ዕድሜ ልኩን የፈራው ያ ቀይ ቀለም ከማንም በላይ የጨከነው በራሷ ላይ ኖሯል! ከእንዲህ ያለች ሰው ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ሲሠራ መኖሩን ማመን አቃተው።

ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱላትና ወደ እሱ ዞሩ። «የእርስዎስ ዝቅተኛ እነዚህ ናቸው?»

«አይደሉም» አለ። የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

እውቅናው ታደሰ። በቀጣዩ ፈተና ኃላፊው ከተማሪዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ ራሱ ያወጣው ጥያቄ ላይ ላብ ሲያጠምቀው ታየ።