ከቀኝ ክንፍ ወደ ኋላ መስመር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኳስ አልነካሁም።

በጠዋት ከከሚሴ ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ታኬታዬን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ጊዜው ዘጠናዎቹ ነው፤ ከሚሴ ገና ባጃጅ አልገባባትም። በዞን ውድድር ላይ ያዩኝ ሰዎች ለአንድ የፋብሪካ ቡድን ጠቁመውኝ፣ አሰልጣኙ ጋሽ በቀለ "ይምጣና እንየው" ብለው ነበር። ስደርስ ሜዳው ላይ ጭጋግ ተኝቶበታል። የተጫዋቾቹ እግር አይታይም፤ ከወገብ በላይ ብቻ እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። ገና ከእንቅልፌ ያልነቃሁ መሰለኝ።

ጋሽ በቀለ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይለይ አጭር ሰው ናቸው።

"ኢብራሂም አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"የት ትጫወታለህ?"

"ቀኝ ክንፍ።"

"እሺ። ዛሬ እዚህ መስመሩ ዳር ቁጭ በል። ኳሷን እንዳታይ። ኳስ ያልያዘው ሰው ምን እንደሚያደርግ ተመልከት።"

ሞከርኩ። ዓይኔ ግን እምቢ አለኝ፤ ኳሷ በሄደችበት ይሄዳል። ልምምዱ ሲያልቅ መጥተው "ምን አየህ?" አሉኝ። "ምንም" አልኳቸው። አልተቆጡም። "ነገ ታኬታህን አድርገህ ና" ብለውኝ ሄዱ።

ከወጣቶቹ፣ ከተስፋው ቡድን ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ተቀያሪ፣ ከዚያ ቋሚ ተሰላፊ ሆንኩ። ሰባት ቁጥር ማልያ ተሰጠኝ። ልምምድ ካለቀ በኋላ ብቻዬን እቀርና ከመስመር ዳር ወደ ግብ ማሻማት እለማመድ ነበር። ሜዳው ባዶ ሲሆን የኳሷ ድምፅ ይለያል፤ እግሬን ስትለቅና መሬት ስትነካ ትሰማለች።

ክንፍ ላይ የሚጫወት ሰው ከተመልካች አጠገብ ነው፤ የሚሰድበውንም የሚያወድሰውንም ይሰማል። መሮጥ ስጀምር ግን ያ ሁሉ ድምፅ ይጠፋ ነበር። ነጩ መስመር ከጎኔ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ከፊቴ ሣር ብቻ ነው። ተከላካዩ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ቀጥሎ እሱም አይሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አላገኘሁም።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ከሜዳችን ውጭ ተጫወትን። ዝናብ ነበር። ኳስ ገፍቼ ላልፍ ስል ተከላካዩ ተንሸራትቶ መጣ። እሱ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ጭቃው ነው ያመጣው። ጉልበቴ ውስጥ እርጥብ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የቡድናችን ወጌሻ ሙሉጌታ ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን በሁለት እጁ ያዘ።  ዝም ማለቱ ከሕመሙ በላይ አስፈራኝ። በቃሬዛ ሲያወጡኝ ሰማዩን አይ ነበር፤ ዝናቡ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይመስላል።

ሐኪሙ አልሸነገለኝም። "ትራመዳለህ። ትሮጥም ይሆናል። እንደ ድሮው ግን አይሆንም" አለኝ። ቡድን መሪው መጥቶ "ስትድን ትመጣለህ" አለ። እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ተጫዋች ያውቀዋል። ሰባት ቁጥር በሳምንቱ ሌላ ሰው ለበሰው።

የቤተሰቤ እርሻ ከሚሴ አጠገብ፣ ጨፋ ነው። አባቴ ማሽላና ጤፍ ያርሳል። በምርኩዝ ስገባ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"ነጋን ቡልቴ?" አለኝ፤ እንደ ሌላው ጠዋት ሁሉ፣ በሰላም አደርክ ወይ ብሎ።

"ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ።"

እግሬን አየው። "ለሞፈር ይበቃል" አለ።

ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ወደ ውስጥ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ያን ዘመን ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከባሏ ተለይታ ቤት ገብታ ነበር። ሰው ሁሉ የእሷ ነገር አለቀ ብሎ ነበር። እሷ ግን ከባቲ ገበያ ጨርቅ እያመጣች ከሚሴ መሸጥ ጀምራለች። ለብዙ ቀናት ተኝቼ ስውል አየችኝ። ሙሉጌታ ሊጠይቀኝ መጥቶ "እብጠቱ ሲጎድልልህ ወንዝ ግባ። ውሃ ውስጥ ተራመድ፤ ክብደትህን ይይዝልሃል" ብሎኝ ሲሄድ ሰምታ ነበር። እብጠቱ ጎደለ። እኔ አልተነሳሁም።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋጋ ብርድ ልብሴን ገፈፈችኝ።

"ካኢ! ተነስ!"

"እቴ፣ ተይኝ። አለቀ በቃ።"

"እኔንም አልቆልሻል ብለውኛል። ወላሂ፣ ቁጭ ብዬ ባምናቸው ኖሮ ዛሬ እዚህ ማድቤት ውስጥ ነበርኩ። ተነስ!"

ቦርከና ወንዝ ወረድን። ቀሚሷን ሰብስባ አብራኝ ውሃው ውስጥ ገባች። ክንዴን ይዛ ከወራጁ በተቃራኒ አራመደችኝ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሄጄ ሕመሙ አስለቀሰኝ። እሷ አላየሁም ብላ ወደ ማዶ ተመለከተች። በነጋታው ተመለስን። ከዚያ በኋላ እሷ ገበያ በምትሄድበት ቀን ብቻዬን፣ በሌላው ቀን ከእሷ ጋር እወርድ ጀመር።

እነዚያን ጠዋቶች ሳስታውስ ከሕመሙ ይልቅ ብርሃኑ ይመጣብኛል። ጨፋ ሲነጋ ሸለቆው ሁሉ በእንፋሎት ይሞላል። ማሽላው፣ ረግረጉ፣ ከብቱ አንድ ነጭ ነገር ውስጥ ይዋኛሉ። በጋ ላይ አፋሮች ግመሎቻቸውን ይዘው ለሣር ይመጣሉ፤ ግመሎቹ ከጭጋጉ ውስጥ አንገታቸው ቀድሞ ይወጣል። ውሃው በጭኔ ዙሪያ ይዞራል፤ እግሬ የእኔ ይሁን የወንዙ አላውቅም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አፋር ዳር ቆመው ብዙ ጊዜ ሲያዩኝ ቆዩ። አቀርቅሬ ወዲያና ወዲህ ስል ዕቃ የምፈልግ መስያቸዋለሁ።

"ምን ጠፋህ?" አሉኝ።

"ጉልበቴ።"

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። "ካገኘኸው ለእኔም አምጣልኝ፤ የእኔም ጠፍቷል" አሉና ግመሎቻቸውን ነድተው ሄዱ። እኔም ሳቅሁ። ከተጎዳሁ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከወንዝ ወደ አሸዋ ወጣሁ። ከአሸዋ ወደ አስፋልቱ ዳር። መራመዱ ሩጫ ሆነ። ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ለአባቴ "ልመለስ ነው" አልኩት። አባቴ ማሽላ ይጠብቅ ነበር፤ ወንጭፉን አስቀመጠ። መዳፎቹን ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረገ። ስለ ሞፈር ዳግመኛ አላነሳም።

ኮምቦልቻ ስመለስ ጋሽ በቀለ አስሮጡኝ። ሮጬ ስመለስ ፊታቸው ላይ አነበብኩት።

"ኢብራሂም፣ ልዋሽህ አልችልም። ፍጥነትህ የለም።"

"አውቃለሁ ጋሼ። ክንፍ አልጠየቅኩም። ከተስፋው ቡድን ጋር ልሥራ፤ ኋላ መስመር ላይ።"

"ተከላካይ ሆነህ አታውቅም።"

"የሚያልፉኝን ሰዎች ግን አውቃቸዋለሁ። እኔም አንዱ ነበርኩ።"

 ወደ ሜዳው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

በዕድሜ ከሚያንሱኝ ጋር ከሥር ጀመርኩ። ሰውነትን አዙሮ መቆም፣ አጥቂውን ወደ ውጭ መግፋት፣ ከመሃል ተከላካዩ ጋር እኩል መስመር መያዝ ተማርኩ። በመጀመሪያ ሁሉም ያልፉኝ ነበር። በተጫዋቾቹ ካምፕ ውስጥ ሲሳቅብኝ እሰማለሁ። ልምምድ ሲያልቅ እንደ ድሮው ብቻዬን እቀራለሁ፤ አሁን የምሠራው ግን ወደ ኋላ እየሄዱ መዞርን ነው። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ክንፍ አጥቂ ኳሷን ከመግፋቱ በፊት ትከሻው ይናገራል። የእኔም ትከሻ ሲናገር ኖሯል፤ ያኔ አልሰማሁትም እንጂ።

አንድ እሑድ በሜዳችን ጨዋታ ነበረን፤ እኔ ከዋናው ቡድን ተቀያሪዎች ጋር ተቀምጫለሁ። የቀኝ ተከላካያችን ገና ከዕረፍት በፊት ተጎዳ። ጋሽ በቀለ ተቀያሪዎቹ ወደተቀመጡበት ዞሩ።

"ኢብራሂም፣ ልበስ።"

ከፊቴ የቆመው አጥቂ ወጣት ነው፤ እንደ ነፋስ ይሮጣል። የመጀመሪያዋን ኳስ ወስዶ አለፈኝ፤ ግብ ጠባቂያችን አዳነን። ተመልካቹ ጮኸብኝ። ሁለተኛዋን ሲቀበል አልተጠጋሁትም። ትከሻውን አየሁ። ወደ መስመሩ ሊሄድ ነው። ከእሱ ቀድሜ መንገዱ ላይ ቆምኩ፤ ኳሷም ራሷ መጥታ እግሬ ሥር ገባች። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ዘገየልኝ። ልጁ ውሃ ውስጥ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ የት ጋ እንደሚደርስ አስቀድሞ የተነገረኝ ሰው። መጨረሻ ላይ ተናዶ ወደ ሌላው ክንፍ ተሻገረ።

ያለ ግብ ተለያየን። ማንም ስሜን አልጠራም። ጋሽ በቀለ ውሃ አቀበሉኝና "በሚመጣው እሑድም አንተ ነህ" አሉኝ። ወደ መልበሻ ክፍል ገብቼ ታኬታዬን ሳልፈታ ብዙ ተቀመጥኩ።

ያን መስመር ለዓመታት ያዝኩት። በኋላም አምበል ሆንኩ። ዘይነባ ከሚሴ ውስጥ የራሷን የጨርቅ ሱቅ ከፈተች። ጉልበቴ ብርድ ሲሆን ያመኝ ነበር፤ ከጨዋታ በፊት ሙሉጌታ አሽቶ ያስርልኛል። ሲበቃኝ ራሴ ለቡድኑ ነገርኩና ማልያዬን አስረከብኩ። አሁን ከሚሴ ውስጥ አሰልጣኝ ነኝ።

ወጣት ተጫዋቾች ተጎድተው ሲመጡ፣ እንደ ድሮው እሆን እንደሆነ ንገረኝ ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። የሄደ ፍጥነት አይመለስም። ሌላ ነገር መማር ግን ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ በየጠዋቱ መነሳት ይፈልጋል፤ የሚቀሰቅስ ሰው ካለ ደግሞ ይቀልላል።