የሀምዳን አሚን

ሀምዳን የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ «ከእናንተ መካከል የራሱን ሥራ የሚጀምር ማነው?» ሲሉ ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነበር። በትውልድ ከተማው በሐይቅ፣ ከገበያው ጀርባ ያለችውን ባዶ የቆርቆሮ ክፍል ይዞ የዓሣ ማድረቂያ መሥራት ይመኛል። ንድፉን ጨርሷል፤ የቀረው ለቤተሰቡ መንገር ብቻ ነው።

በሰፈሩ ግን «ኢንጅነር» ማለት ባለ ወንበር ማለት ነው። እኛም በልጅነታችን «ተምረህ ሰው ሁን» ስንባል የሚታየን ያው ወንበር ነበር።

ለክረምት ሲመጣ እናቱ ዑምኩልሱም ጎረቤቱን ለዱዓ ጠሩ። ሀምዳን ሽማግሌው ሼህ ኑርዬ ሐሳቡን ከመረቁለት ማንም እንደማይከለክለው ስላመነ ወደ እሳቸው ቀረብ አለ።

«ሼህ ኑርዬ፣ አንድ ነገር ነበረኝ...»

«ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ዱዓው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ያስገባህ!»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«እጅህ ብዕር እንጂ መዶሻ አይንካ!»

«አሚን!»

አክስቱ ዘሀራ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «አንተ ኢንጅነር፣ አሚን በል እንጂ! ወይስ ከወዲሁ ቢሮ ገብተህ ኮራህብን?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሀምዳን የተዘረጉትን መዳፎች አየ፤ የእናቱ እጅ ከሁሉም ከፍ ብሏል። በሽማግሌ ዱዓ ላይ አሚን ብሎ በማግስቱ ተቃራኒውን መሥራት ምርቃትን እንደ መርገጥ እንደሚቆጠር ያውቃል።

«አሚን» አለ።

ሼሁ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና ወደ እሱ ዞሩ። «በል አሁን ነገርህን አምጣ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለ ሀምዳን።