የላብራቶሪው ደወል

ጋሼ በሆስፒታላችን ላብራቶሪ መስኮት ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። የምርመራ ትእዛዝ በወረቀት በሚመጣበት ጊዜ፣ የአንዱን ሐኪም ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሕፈት ማንበብ የሚችሉት እሳቸውና ፈጣሪ ብቻ ነበሩ። በኋላ ትእዛዙ በኮምፒውተር መምጣት ጀመረ። አዲስ መስመር ገጹ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ብቅ ይላል። ጋሼ ናሙና ሲቀበሉ ሁለት አስቸኳይ ትእዛዝ አለፋቸው፤ አለቃችንም ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ከመስኮቱ አንሥቶ ግምጃ ቤት እንደሚያስገባቸው ቁርጡን ነገራቸው።

እኔ የዚያው ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። ኮምፒውተር ትንሽ ስለምነካካ ከኔ ወዲያ ላሳር ባይ ነበርኩ። ትእዛዙ የሚታይበት ብሮውዘራቸው ላይ ስክሪፕት የሚሉትን አጭር ፕሮግራም ጫንኩላቸው፤ ገጹን እየተከታተለ “አስቸኳይ” የሚል መስመር ሲመጣ ቀጭን ደወል ያሰማል። አንድ ጣጣ ብቻ አለው፤ ሰው ገጹን አንዴ በማውስ ጠቅ ካላደረገው ብሮውዘሩ ድምፅ አያወጣም። ጠዋት ጠዋት ይህቺን ብቻ እንዳይረሱ ነገርኳቸው። መረቁኝ።

በሳምንቱ ከማዋለጃ ክፍል የመጣ የደም ምርመራ ትእዛዝ ሃያ ደቂቃ ሳይታይ ቆየ። አዋላጇ ራሷ እየሮጠች መጣች። ደግነቱ እናቲቱ ተረፈች። እኔ ግን ስክሪፕቴ ተሰደበ ብዬ ደሜ ፈላ።

“ጋሼ፣ አንዴ ጠቅ ማድረግ ይሄን ያህል ይከብዳል? ልጅ እንኳን አይረሳውም!” አልኳቸው፣ ያውም በሰው ፊት።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። “ረሳሁት፣ ልጄ” አሉ ቀስ ብለው።

አለቃችን ሰማ። ከሰኞ ጀምሮ ግምጃ ቤት ይግቡ ተባሉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጀርባ ካለው መደርደሪያ የናሙና ቱቦ ሳወርድ ደወሉ ጮኸ። እሳቸው ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጠው ናሙና ላይ መለያ ይለጥፋሉ። ቀና አላሉም። ደገመ፣ ሠለሰ፤ አሁንም መለያቸውን ይለጥፋሉ። ያኔ ገባኝ። ጠቅ ማድረጉን አንድም ቀን አልረሱም። ጆሯቸው ደክሟል ከሚባል ዝንጉ ቢባሉ ይሻላቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንኑ ስድብ በአደባባይ አከናነብኳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ትእዛዙን ራሴ ወስጄ ሠራሁት።

ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ግን ይቅርታ ማለቱ ራሱ “አወቅሁብዎት” ማለት ሆነብኝ፤ ስለ ቱቦ አውርቼ ተመለስኩ። በመጨረሻ አለቃችን ዘንድ ገብቼ ጥፋቱ የስክሪፕቱ መሆኑን ተናገርኩ። ውሸት አልነበረም፤ ለጋሼ ጆሮ የማይሆን ድምፅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚገባኝን ቁጣ ጠጣሁ፣ እሳቸውም መስኮታቸው ላይ እንዲቆዩ ተፈቀደ። ቀጭኑን ደወል አውጥቼ ወፍራም፣ ጠረጴዛ በጡጫ የመምታት ያህል የሚጎላ ድምፅ አስገባሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ድምፁ ወጣ። ጋሼ ወዲያው ቀና አሉ። ትእዛዙን አትመው እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ ይዘውልኝ መጡ።

“ዛሬ አልረሳሁም” አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ዓይናቸውን ማየት ግን አቃተኝ።