ከሰው የማይቀበለው ደምሰው

ደምሰውን ያወቅሁት በ1968 ዓ.ም. ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የአንድ ሎተሪ ሻጭ ሞንታርቦ “ጢ…” ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ያ ጩኸት የደምሰው ነው። የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ አልሳሳትም።

ደምሰው የቡሬ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ከአንድ ባንድ ጋር ሲጫወት፣ የሌላ ሰው ዘፈን ዝፈን ቢሉት እምቢ ብሎ፣ ቀይ ጊታሩንና አንድ የእንጨት ድምፅ ማጉያ ይዞ ተመለሰ። ገጠር መብራት የለም፤ እሱ በጭነት መኪና ባትሪ ይሠራል። ሲዘፍን የባትሪው አሲድና የጋለ አቧራ አብሮ ይሸታል። ቡሬ ከተከራያት ክፍል ግድግዳው ላይ ኬሻ ለጥፎ ድምፁን በቴፕ ይቀዳል፤ ካሴቱንም ራሱ በየገበያው ያዞራል። እሱ ሮክ ይለዋል፣ እኛ ጩኸት እንለዋለን። ግጥሙ ግን የኛው ነበር፦ ስለ ጤፍ አረም፣ ስለ ሞተ በሬ፣ ቆላ ወርዶ ስለቀረ ሰው።

የአገራችን ልማድ ደግሞ አዝማሪ ሲዘፍን ሰው ሁሉ “ተቀበል” እያለ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ መልሶ ይለዋል። ደምሰው ከማንም አይቀበልም። “እኔ የምዘፍን የራሴን ነው” ይላል። በዚህ ብዙ ሰው ጠላው። እኔ በዚሁ ወደድሁት፤ እኔም ግትር ነኝ።

1968 ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት እህቴን ይታይሽን ከገበያ ስትመለስ ብር የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ወሰዳት። ሬሳዋ አልተገኘም። ወንድሜ በጥር የሚያገባ ነበርና አባቴ ለቅሶውን ቶሎ አስነሡ። “ሠርጉ እስኪያልፍ ስሟን የሚያነሣ እንዳይኖር” አሉ። ሠርግ ቤት ሙት አይነሣም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከረመች። ውሃ ስትቀዳ ሰው የጠራት ይመስል ድንገት ወደ ኋላዋ ትዞራለች። ምን ሰማሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እኔም ይሰማኝ ነበር።

ወንድሜ የከተማ ነገር ስለሚወድ ደምሰውን ለሠርጉ ጠርቶት ነበር። ማንኩሳ ገበያ አገኘሁትና የእህቴን ነገር ሁሉ ነገርሁት። የቤታችንን ሰው ስም አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ “ዘፈኗን ጨረስሁ” አለኝ።

“ሠርጉ ላይ ዝፈንልኝ።”

“አባትህስ?”

“አባቴ ጆሮ አላቸው፤ ይስሙ።”

ብዙ ለመንሁት። እሽ አለ።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ውስጥ ባትሪው አጠገብ ቆሜ ነበር። አጎቴ የጠላ ዋንጫቸውን እንደያዙ ተነሡና “ተቀበል” አሉት።

“አያ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ከሰው አልቀበልም” አለ ደምሰው።

“ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ? ሽቦህን ልታሰጣ?”

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። ድምፅ ማጉያው “ጢ…” አለ፤ ሳቁ ጸጥ ሲል ደምሰው ጀመረ። ዘፈኑ እህቴን ሆኖ ነው የሚናገር። ከብር ማዶ ቆማለች፤ ውሃው ጎድሏል፤ ግን ከቤት ስሟን የሚጠራ ስለጠፋ በየት በኩል እንደምትሻገር አታውቅም። “ይታይሽ በሉኝ” ትላለች።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ተከተሏት። ሙሽራይቱ ዓይነ ርግቧን ነክሳ አለቀሰች። ሠርጉ ለቅሶ ሆነ።

አባቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። “ንቀለው” አሉ።

የባትሪውን ሽቦ ነቀልሁት።

ደምሰው አላቆመም። የጊታሩን ክር በደረቁ እየመታ፣ ዓይኑን እኔ ላይ አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ዘፈነ። ከለቅሶው ሥር ቃሉን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሲጨርስ አባቴ ቀረቡት። “ማን ነው ይህን ዝፈን ያለህ?”

እኔ የነቀልሁትን ሽቦ መጠቅለል ጀመርሁ።

“ከሰው አልቀበልም አላልሁም?” አላቸው ደምሰው። ጊታሩን አንግቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሟርተኛ ተባለ። በኛ በኩል ዳግመኛ የጠራው የለም። ወደ ሽንዲ ወርዶ በየገበያው ዘፈነ ይላሉ። ሞተ ያለኝም አለ፤ መቃብሩን ያየ ግን አላገኘሁም። ካሴቶቹም በየቤቱ ቴፕ ተበልተው አለቁ። የእህቴን ዘፈን በካሴት አልቀዳውም ነበር።

በሠርጉ ማግሥት ጠዋት እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል። “ልጄ፣ ጨርሼ አልሰማሁትም። መጨረሻ ላይ ምን አለች?” አለችኝ።

አባቴ ከግድግዳው ወዲያ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጠዋል። ብዘፍነው፣ በዘፈኑ ያለውን የቤታችንን ሰው ስም ለደምሰው የነገረው ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃሉ። ደግሞም በኛ ዘንድ ልጅ አባቱን በስሙ አይጠራም። ለዘፈን የሚሆን ድምፅም የለኝ። ቢሆንም ቆምሁና ዘፈንሁት። እህቴ መጨረሻ ላይ “ካልጠራችሁኝ እኔ ልጥራችሁ” ትላለች። የእናቴን ስም ጠራሁ። የወንድሜን ጠራሁ። የራሴን ጠራሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ የአባቴን ስም ጠራሁ።